ወርውሪ ያልኳት እኔ ነኝ

ሄሎ… አቤት እትዬ። — አዎ፣ እኔ ጋ ናት። — ደህና ናት አልኩሽ እኮ፣ ልጅሽ ምንም አልሆነችም። — ትሰሚኛለሽ? ቆይ ወደ መስኮቱ ልጠጋ፤ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት ውስጥ ነን፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

አሁንስ? — እሺ። ልምምዱ ካለቀ ቆይቷል። ስልክሽን ያላነሳሁት ክሊኒክ ስለነበርኩ ነው። — እሷ አይደለችም። ጓደኛዋ ናት፣ ያቺ ቀጭኗ፣ ጉንዳን የምንላት። ኳስ ዓይኗን መታት። — ማን ወረወረው… ልጅሽ ናት የወረወረችው።

ሄሎ? አለሽ?

— እንዴት መሰለሽ። እስከ ዛሬ በስፖንጁ ኳስ ነበር የማለማምዳቸው። እየተሳሳቁ፣ እየተሯሯጡ። ልጅሽ መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ስትወረውር ዶሮ የምታባርር ነበር የምትመስለው፤ አሁን ያሰበችበትን አትስትም። ዛሬ ታዲያ፣ ቅዳሜ ግጥሚያ አለብን ብዬ ዋናውን ኳስ አወጣሁት። — ስሙ ሶፍትቦል ስለተባለ ለስላሳ ኳስ መሰለሽ? ድንጋይ ነው እኮ።

— እሱን ልነግርሽ ነው። ጉንዳን ኳስ ተቀባይ ነበረች። ልጅሽ ኳሱን ይዛ ቆመች፣ አልወረወረችም። ከሌላው ቡድን የምትሮጠዋ ልጅ ልታመልጥ ደረሰች። እኔ ከዳር ሆኜ «ወርውሪ!» አልኳት። «ቆይ» አለችኝ። ደግሜ ጮህኩባት፤ ወረወረችው። — ጉንዳን ለካ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር። ልጅሽ አይታታለች። እኔ አላየሁም። ጉንዳን በጩኸቴ ደንግጣ ቀና ስትል…

አንድ ጊዜ እትዬ። — ጋሼ፣ በሩን አይቆልፉት፣ ልጅ አለች። አስር ደቂቃ ብቻ ይታገሱን። — ይቅርታ፣ ዘበኛው ነው።

— ዓይኗ ውስጥ ደም ፈሷል አለ ሐኪሙ። ነገ የዓይን ስፔሻሊስት ያያታል። እስከዚያ ምንም ማለት አልችልም ብሏል።

— የጉንዳን እናት ክሊኒኩ መጥታለች። እሷማ… ልጅሽን ነው የምትረግመው። ሆን ብላ ነው፣ ሁሌም ትቀናባታለች አለች። ርዕሰ መምህሯም እዚያው ነበረች፤ ምን እንደተፈጠረ ስትጠይቀኝ፣ ልጆች ሲጫወቱ ነው አልኳት። ልጅሽ አጠገቤ ቆማ ሰማችኝ። — ምንም። ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣትም፤ የጓንት ክምር ላይ ተቀምጣለች።

— አውቃለሁ። — አውቃለሁ እትዬ፣ ስደቢኝ። ከሥራ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። የአስራ አንድ ዓመት ልጅ አስቀድሜ እኔ ከኋላዋ ተደበቅኩ።

— ለልጅሽ? እስካሁን አልነገርኳትም። — አሁን? እሺ። አትዝጊው።

…የኔ እናት፣ ስሚኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። አንቺ ቆይ ብለሽኛል፣ ያልሰማሁሽ እኔ ነኝ። ይኼንኑ ለጉንዳን እናት ሄጄ እነግራታለሁ፣ ለርዕሰ መምህሯም። ዛሬውኑ… ምን አልሽ?

…

ሄሎ እትዬ። ሰማሻት? — አዎ፣ ተናገረች። ለምን እዚያው አልተናገርሽም ነው ያለችኝ።

— ልሄድ ነው፣ ክሊኒኩ ቅርብ ነው። እሷን አንቺ መጥተሽ ብትወስጃት… — እኔም እንደሱ ብያታለሁ። እናትየዋ ፊትሽን ማየት አትፈልግም፣ ቅሪ አልኳት። እምቢ አለች። — ተነሥታለች። ሁለት ቦርሳ አንግታ በሩ ላይ ቆማለች። — ሁለት፣ አዎ። አንደኛው የጉንዳን ነው፤ ሜዳው ላይ ጥላው ሄዳ ነበር።

— እሺ፣ እዚያው ክሊኒኩ ነይ። ልዝጋው እትዬ፣ እየጠበቀችኝ ነው።