የባኞ ቤቱን ድንጋይ የመረጠው ሰው

ሥራ አስኪያጃችን ጓድ ይልማ፣ የጥገና ክፍል ባልደረቦቼ፣ ክቡራትና ክቡራን፤

ከሁሉ በፊት ይህን አዳራሽ ስላሰናዳችሁልኝ፣ በሥራ ቀንም እንዲህ ያለ ምሳ ስላዘጋጃችሁልኝ አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልል ነበር፤ ጓድ ይልማ ፊታቸውን እንዳያጠቁሩብኝ ብዬ ተውኩት። ይኸው ደግሞ አልኩት። የጡረተኛ አፍ ልጓም የለውም።

ጓድ ይልማ ቅድም ሲያስተዋውቁኝ ስለ ራሴ የማላውቀውን ብዙ ነገር ሰማሁ። ሠራተኛ ተቆጥቶ አያውቅም አሉ። እዚህ ላይ የሳቃችሁትን አይቻችኋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚገባው አሉ። ቀጥለውም “በኃይሉ ድንጋይ መምረጥ ያውቅበታል፤ ዐይኑ አይስትም” አሉ። ያን ጊዜ አንገቴን ደፋሁ። ትሕትና መሰላችሁ? ሐፍረት ነው።

ለዛሬ ሌላ ንግግር ጽፌ ነበር። ስለ መጀመሪያ ደመወዜ፣ ሐይቅ ውስጥ ስለ ጣልነው የውሃ ፓምፕ፣ ብዙ የሚያስቅ ነገር አለበት። ኪሴ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይቆይ።

ጓድ ይልማ እዚህ የመጡት ባለፈው ዓመት ስለሆነ አያውቁም። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ አዲስ ናችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልጀምር።

በ1976 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አዋሳ ሐይቅ ዳር ያለውን የእንግዳ ማረፊያ ባኞ ቤት እንድናድስ ታዘዝን። ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ነው። የድሮው የሸክላ ንጣፍ ተነሥቶ ወለሉም ግድግዳውም የተፈጥሮ ድንጋይ ይሁን ተባለ። ድንጋዩን የምመርጠው እኔ ነበርኩ፣ የክፍሉ ኃላፊ ነኝና። የሚጠርበውና የሚያነጥፈው ደግሞ ደረሰ ነበር።

ደረሰን እናንተ የምታውቁት በር ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት የሚከፍትላችሁ የጥበቃ ሠራተኛ፣ እሱ ነው። ድንጋይ ጠራቢ እንደነበር ከመካከላችሁ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ድንጋዩን በጣቱ ኳ ኳ ያደርገውና ጆሮውን ጠጋ አድርጎ “ይኸኛው ውስጡ ስንጥቅ አለበት” ይል ነበር። ስንፈልጠው ስንጥቁ ይገኛል። በዚህ ከተማ የእሱን ያህል ድንጋይ የሚያውቅ ሰው አላየሁም፣ እኔንም ጨምሮ።

እና ደረሰ ሁለት ናሙና ቢሮዬ አመጣ። አንደኛው ተወልውሎ የሚያበራ ነጭ እብነ በረድ ነው። ሁለተኛው ራሱ ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ድረስ ሄዶ ያስፈለጠው፣ ፊቱን በመሮ ሻካራ ያደረገው ጥቁር ድንጋይ ነው። ነጩ ለግድግዳ፣ ጥቁሩ ለወለል ይሁን አለኝ። እኔ ደግሞ ሁሉም ነጭ ይሁን አልኩ። ለምን? እንግዳው ገና ሲገባ መልኩን ወለሉ ላይ እንዲያይ ነዋ።

ደረሰ አልተከራከረኝም። በባልዲ ውሃ አመጣ፤ ሁለቱንም ድንጋዮች መሬት ላይ አስቀምጦ ሳሙና አሸባቸው። ከዚያ “ጋሼ፣ ጫማዎን ያውልቁና ሁለቱንም ይርገጧቸው። እግርዎ ይፍረድ” አለኝ።

ታዲያ ለምን አላወለቅኩም? እስከዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ይኸን ነው። ካልሲዬ ተቀዶ ነበር። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት እንዳለ ውጭ ነበር። ወይዘሪት ጫልቱ የጽሕፈት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች በር ላይ ቆመዋል፤ እኔ ደግሞ የክፍል ኃላፊ ነኝ። ሳቁ ግድ የለም፤ ብቻዬን ስሆን እኔም ስቄበታለሁ። ባለቤቴ ከበቡሽ ግን አልሳቀችም፣ እያየኋት ነው። ጥፋቱ የእሷ እንዳይመስላችሁ፤ ጥፍርህን ቁረጥ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የኖረችው።

“ድንጋይ በእግር መምረጥ ደግሞ የት ነው የተማርከው?” አልኩት። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ደረሰም ፈገግ አለና ባልዲውን ይዞ ወጣ። እኔም የነጩን ማዘዣ ፈረምኩ።

ሥራው ሲያልቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምር ነበር። ደረሰ ያላመነበትን ሥራ እንኳ አበላሽቶ አያውቅም። መጋጠሚያው ፀጉር አያስገባም ነበር። እንግዳው በመጣ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ገላውን ሲታጠብ አንሸራተተውና ወደቀ። ክንዱ ተሰበረ፣ ግንባሩንም የገንዳው ጠርዝ ፈነከተው።

በሦስተኛው ቀን ሁለት የደኅንነት ሰዎች መጡ። ሁላችንንም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰቡን። አንደኛው “አሻጥር” የሚለውን ቃል ተናገረ። ይህ ቃል ሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ ልነግራችሁ አያስፈልግም። ከዚያም “ይህን ድንጋይ የመረጠው ማን ነው?” ብሎ ጠየቀ።

መልሱ ስንት ቃል ነበር? አንድ። እኔ ግን ተነሣሁና “ድንጋይ የሚያውቀው ደረሰ ነው” አልኩ። እዚህ ላይ ሐሰት አልተናገርኩም፤ ስንት ሌሊት ራሴን ያጽናናሁት በዚህ ነው። ቀጥለው ማዘዣውን አውጥተው ፊርማዬን ሲያሳዩኝ ግን “በባለሙያው ምክር ነው የፈረምኩት” አልኩ። ይኸኛው ዓይን ያወጣ ውሸት ነው።

ደረሰን ምን ትላለህ አሉት። ዞሮ እኔን አየኝ። “ጋሼ በኃይሉ ያውቃሉ” አለ። እውነቱን የምናገርበትን ዕድል ሰጥቶኝ ነበር። እኔ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ብርጭቆ እያየሁ ነበር።

በዚያ ላይ ጴንጤ ነው ተባለ፤ ይኸም ተደረበበት። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ታሰረ። ሚስቱ ታቢታ ስንቅ ይዛ ስትመላለስ ፒያሳ ላይ ከሩቅ አያትና መንገድ እሻገር ነበር። አንድ ቀን ከማላውቀው ልብስ ሰፊ ቤት ገብቼ፣ እስክታልፍ ድረስ የማላሰፋውን ሱሪ ተለክቻለሁ።

ሲፈታ ወደ ሥራ መለሱት፤ መሮ እንዳይነካ ግን ተወሰነ። ማኅደሩ ላይ “በሙያ ሥራ እምነት የማይጣልበት” ተብሎ ተጽፏል። በር ላይ አቆሙት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት “እንደምን አደሩ ጋሼ” እያለ በር ይከፍትልኛል። ጓድ ይልማ፣ ከሁሉ ቀድሞ ይገባል ያሉት እውነት ነው። የሥራ ፍቅር ግን አይደለም። ያንን ሰላምታ ስቀበል ሰው እንዳያየኝ ነው።

ባለፈው እሑድ ምሥራቅ ሰፈር፣ ደረሰ ቤት ሄድኩ። ከቀበሌ ሱቅ ያገኘሁትን ሁለት ኪሎ ስኳር ይዣለሁ። ታቢታ በሩን ከፈተችልኝ፣ ወንበርም ሰጠችኝ፤ ስኳሩን ግን አልተቀበለችኝም። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ደረሰ ያዘኝ። ይቅር ካለኝ እንደቆየ፣ በየቀኑም በጸሎቱ እንደሚያነሣኝ ነገረኝ። እንዴት እንደቀለለኝ! ኮቴን አንሥቼ ልወጣ ነበር።

“ግን ጋሼ” አለኝ፣ “ስሜ የጠፋው እዚህ ቤት ውስጥ አይደለም። አዳራሽ ውስጥ ነው። ልጆቼን ሰው የአሻጥረኛ ልጆች ሲላቸው፣ ጋሼ በኃይሉ ቤታችን መጥተው አልቅሰዋል ብለው ይመልሱ?”

ታቢታም ወደ በሩ ስትሸኘኝ ስኳሩን አስያዘችኝና “አዳራሽ ውስጥ የተናገሩ ቀን እቀበልዎታለሁ” አለችኝ።

ጓድ ይልማ፣ ዛሬ ጠዋት አንድ ውለታ ጠይቄዎት ነበር፤ ለግማሽ ሰዓት በሩን ሌላ ሰው ይጠብቅና ደረሰ ይግባ ብዬ። ፎቶ አብረን ልንነሣ መስሎዎት ይሆናል። ደረሰ፣ ከኋላ ቆመህ አይሃለሁ። ወደ ፊት ና አልልህም፤ መልስም አልጠይቅህም። መስማት ብቻ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ምስክር ሁኑኝ። የዚያን ባኞ ቤት ድንጋይ የመረጥኩት እኔ ነኝ። ደረሰ ለወለል አይሆንም ብሎኛል፤ ውሃና ሳሙና አምጥቶ ሊያሳየኝ ሞክሯል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት ያሾፍኩበትም እኔ ነኝ። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ዋሽቼ ያሳሰርኩትም እኔ ነኝ። አሻጥር የሠራ ሰው አልነበረም።

ይህንኑ በሦስት ቅጂ ጽፌ ፈርሜያለሁ። በጽሕፈት መኪና የመታችልኝ ወይዘሪት ጫልቱ ናት፤ ያን ቀን ቢሮው ውስጥ ስለነበረች በምስክርነት ፈርማበታለች። አንዱ ለጓድ ይልማ፣ አንዱ ለደረሰ ማኅደር፣ አንዱ ለራሱ ለደረሰ ነው። ያን ቀን እዚያ ቢሮ የነበራችሁ ሁለት ሰዎች ዛሬም እዚህ አላችሁ፤ ስማችሁን አልጠራም። ከጫልቱ ፊርማ በታች ቦታ ትቼላችኋለሁ።

ጡረታህስ፣ ትሉኝ ይሆናል። እፈራለሁ። ሦስት ዓመት ስፈራ የኖርኩት ግን ደረሰን እያስከፈልኩ ነበር፤ ከእንግዲህ በራሴ ዋጋ ልፍራ።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ለዚህ ሰው መሮውን መልሱለት። ለእኔ ልትሰጡኝ ያሰባችሁት ስጦታ ካለ እሱ ይበቃኛል።

እናንተን ደግሞ ሥራችሁ ይቅናችሁ። የሚመክራችሁ ሰው አይጥፋባችሁ፤ ሲመክራችሁም የምትሰሙበት ልቡና ይስጣችሁ። ሰው ናችሁና ታጠፋላችሁ፤ ስታጠፉ በማግስቱ ለመናገር ያብቃችሁ፣ እንደ እኔ ጡረታ አይቅደማችሁ። ልጆቻችሁ ስማችሁን ሲጠሩ ቀና ብለው ይሁን። አዋሳችን ሰላም ትሁን። ጓድ ይልማ፣ አሜን ይበሉ አልልም፤ በልብዎ ይበሉት።

የመጣችሁት እኔን ልትሸኙ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚጠይቀኝ ሰው እስኪመጣ ድረስ የትም አልሄድም። እዚሁ ተቀምጫለሁ።