የጋሽ ሜትር ክብደት

ጋሽ ሜትር ከክሊኒኩ እየተነጫነጩ ሲወጡ የእህታቸው ልጅ የልምምድ ደብዳቤዋን ይዛ ስትገባ በሩ ላይ ግንባር ለግንባር ሊጋጩ ነበር። ጋሽ ሜትር ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚሠሩ ልብስ ሰፊ ናቸው። ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን ስም ሰፈሩ ከረሳው ቆይቷል። ልጅቷ የነርስነት ትምህርቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት የቀራት ናት፤ አንድ ነገር ከጠየቀች መልሱን ሳታገኝ አትለቅም።

«አጎቴ! ምነው፣ ደህና አይደሉም እንዴ?»

«ደህናማ ነበርኩ፤ እዚህ ቤት እስክገባ ድረስ!» አሉና በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ቀኝ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «ተሰደብኩ፣ የኔ ልጅ። በዚህ ዕድሜዬ ልጄ በሚሆን ሐኪም ተሰደብኩ።»

«ምን ብሎ ሰደበዎት?»

«ቅለል አለኛ!»

ልጅቷ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። በጋሽ ሜትር ግን አይፈረድም። በቋንቋችን ከበድ ያለ ሰው ማለት ቃሉ የሚደመጥ፣ የተከበረ ሰው ነው፤ ቀለለ የተባለ ሰው ደግሞ አለቀለት። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች ሲካሰሱ ተጠርተው ለሚያስታርቁ ሽማግሌ ከዚህ የባሰ ቃል ከየት ይመጣል?

«እስቲ ያለዎትን ቃል በቃል ይንገሩኝ።»

«‹አባቴ፣ ክብደትዎ በዝቷል፤ ትንሽ ቀለል ቢሉ ጥሩ ነው› አለኝ። ኧረ ክብደት የሚበዛበት ሰው ማነው? የጻፈልኝን ወረቀት ፊቱ ላይ ትቼለት ወጣሁ። ደግሞ እኮ እሱ ራሱ ነፋስ የሚወስደው ሰው ነው! ቀንቶ ይሆናል።»

«አጎቴ፣ ሐኪሙ የተናገረው ስለ ኪሎዎ ነው እንጂ ስለ ክብርዎ አይደለም።»

«ቢሆንስ? ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ብሄድ ስለ ሆዴ ያወራኛል። የስፌት መኪናው ፔዳል እምቢ ቢለኝ መቀሴን እሞርዳለሁ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እመልስልዎታለሁ። በፊት ግን ጉልበትዎ ምን ያህል ነው የሚያምዎት?»

ጋሽ ሜትር ግራ ቀኙን አዩ። ይህን ለሚስታቸው እንኳን አልተናገሩም። «ፔዳሉን ሩብ ሰዓት ከረገጥኩ እግሬ የኔ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሁለት ኮት ሳልሰፋ መለስኩ፤ ጨርቅ አለቀ ብዬ ዋሸሁ። አርባ ዓመት የረገጥኩት መኪና ነው። እሱን ካቆምኩ እኔ ምንድን ነኝ?» ድምፃቸው ሰለለ። ቁጣው ሁሉ ፍርሃት ኖሯል፤ ልጅቷም ገባት።

«ይህን ለሐኪሙ ነገሩት?»

«መች አስጨረሰኝ! ማለቴ… መች ጠበቅሁት።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉ?»

«ተረቱን ተይውና መልሱን አምጪ።»

«እሺ። ወፍራም ጨርቅ ሲቆርጡ በመቀሱ ጫፍ ነው ወይስ ብሎኑ ጋ አስጠግተው?»

«ብሎኑ ጋ ነዋ! ጫፉ ምን አቅም አለውና።»

«ጣትዎ የሚጫነው ትንሽ ሆኖ ሳለ ብሎኑ ጋ ያን ሁሉ ኃይል ከየት አመጣው?»

ጋሽ ሜትር ሁለት ጣታቸውን እንደ መቀስ ከፍተው ዘጉ። አርባ ዓመት ሲቆርጡ ይህን ጠይቀው አያውቁም። «እውነትሽን ነው… ከየት አመጣው?»

«እጀታው ስለረዘመ፣ ብሎኑ ጋ ሲደርስ ይበረታል። ጉልበትዎም እንደዚያ ብሎን ነው። ደረጃ ሲወጡ የሚያርፍበት ክብደትዎ ብቻ አይደለም፤ ጡንቻዎቹም አጥንቱን ስለሚጫኑት ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል።»

«አራት እጥፍ! ታዲያ አሥር ኪሎ ብቀንስ?»

«በየእርምጃው ሠላሳ አርባ ኪሎ ከጉልበትዎ ላይ ወረደ ማለት ነው።»

ጋሽ ሜትር አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አመኑ እንዳትሉ፤ ሙሽሪት ካልታዘልኩ አላምንም አለች ነው ነገሩ። «ከሳ ማለት እኮ ታመመ ማለት ነው። ያገኘኝ ሁሉ ‹ምን ነካዎት› ሊለኝ? አክስትሽንስ ‹ባሏን በራብ ጨረሰችው› ቢሏት የት ትገባለች?»

«መኪናው ጥግ ይዞ አቧራ ሲጠጣስ ምን ይላሉ? እስቲ ሜትርዎን ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ልለካዎት።»

ሰው ሲለኩ የኖሩት ሰው ተለክተው አያውቁም። እየተግደረደሩ ቆሙ፤ ልጅቷ ወገባቸውን ዞረችና ቁጥሩን አሳየቻቸው።

«መቶ ሃያ ሁለት? ሜትሩ አጥሮ ነው!»

«ሜትር ያጥራል እንዴ፣ አጎቴ?»

መጀመሪያ ጋሽ ሜትር ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «ደንበኛ ሲወፍር ‹ተመችቶዎታል› ብዬ ስፌቱን ሁለት ጣት እለቅለታለሁ፤ ቁጥሩን አልነግረውም፣ ደስ ብሎት ይሄዳል። ለካ ለራሴም እንደዚያው ሳደርግ ኖሬያለሁ። በየዓመቱ ሱሪዬን ሁለት ጣት ስለቅ አንድ ቀን ለካሁት? በይ፣ ልራብ ነዋ?»

«ማን ይራቡ አለዎት? ሻይዎ ላይ ስንት ማንኪያ ስኳር ያደርጋሉ?»

«ሦስት።» ልጅቷ ትክ ብላ አየቻቸው። «አምስት። አክስትሽ ዞር ስትል።»

«ከሱ ይጀምሩ። ዘይቱ ይቀነስ፣ አትክልቱ ይብዛ፣ ጠገብኩ ከማለትዎ በፊት ከእራት ይነሡ። ጉልበትዎ በሚችለው ልክ ይራመዱ። ቀስ እያሉ ነው የሚቀንሱት፤ የአሥር ዓመት ውፍረት በሳምንት አይወርድም። የቀረውን ሐኪሙ ያውቃል።»

ተያይዘው ገቡ። ሐኪሙ ከወንበሩ ብድግ ብሎ ይቅርታ ጠየቀ። ጋሽ ሜትርም የሩብ ሰዓቷን ነገር ሳይደብቁ አጫወቱት፤ ወረቀታቸውን ሲቀበሉ ግን «ልጄ፣ ሌላ ሽማግሌ ሲመጣ ‹ኪሎ› በል፤ ክብደታችንን ተውልን» አሉት።

በስምንት ወር ዘጠኝ ኪሎ ወረደ። ወሬውማ አልቀረም፤ ሚስታቸው ግን «አዎ፣ እኔ ነኝ ያከሳሁት፤ ማታ ማታ ማንኮራፋቱንም አስትቼዋለሁ» እያለች አፍ ታስይዛለች። ጋሽ ሜትር ዛሬ ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ይሰፋሉ፤ ትንፋሽም አያጥራቸውም። ጉልበታቸው ብርድ ሲሆን ያጉረመርማል እንጂ እንደ ድሮው አያስለቅሳቸውም። ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ጆሮውንም ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል።

በቀደም ታዲያ አንድ ባለሱቅ ኮቱን ሊያስለቅቅ መጣ። ጋሽ ሜትር ለክተው፣ ቁጥሩን ጮክ ብለው አነበቡለት። «ልለቅልህ እችላለሁ። ግን በሁለት ዓመት ሦስተኛችን ነው፤ ሐኪም አይቶሃል?»

ባለሱቁ ደሙ ፈላ። «ልብስ ላሰፋ መጣሁ እንጂ ልሰደብ መጣሁ?» ብሎ ኮቱን መንጭቆ ከሁለተኛው ፎቅ ቁልቁል ወረደ።

ጋሽ ሜትር ከመኪናቸው ተነሥተው ደረጃውን በሩጫ ወረዱና የውጭው በር ላይ ክንዱን ያዙት። ባለሱቁ ሊቆጣ ዞሮ፣ እግራቸውን አይቶ ቆመ።

«እንዴ፣ ጋሽ ሜትር! ሲያነክሱበት በነበረው ጉልበትዎ ነው የሮጡት?»

«ና ተመለስ፤ እሱን ነው የማጫውትህ» አሉት፤ ባለሱቁም ተከትሏቸው ወጣ።