የአያ ይሻው ቁጠባና የልጃቸው ብስክሌት

ከጋፋት ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው አቀበት ጫፍ ላይ አያ ይሻው አንድ የኤሌክትሪክ ብስክሌት አጠገባቸው አቁመው አይሱዙ ይጠብቃሉ። ጉሙ ከሸለቆው ወጥቶ የገብሱን ማሳ ሸፍኖታል። ብስክሌቱ በክረምቱ መግቢያ የሞተው የልጃቸው የደሳለው ነው። ሽማግሌው እብናት ገበያ ወስደው ሸጠው ሊገላገሉት ቆርጠዋል።

አያ ይሻው ክብሪት ለሁለት ይሰነጥቃሉ፣ እራት ሳያልቅ አምፖል ያጠፋሉ እየተባሉ በሰፈሩ ይታማሉ። ሐሜቱ ከእውነት ብዙም አይርቅም።

በዚህ መሐል የጎረቤታቸው ልጅ ትዕግሥት በራሷ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ደረሰችና ወረደች። በከተማው ቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ መምህርት ናት።

«እንዴት ዋሉ፣ አያ ይሻው?»

«እግዜር ይመስገን። እስቲ ያን ነገር ራቅ አድርገሽ አቁሚልኝ፤ ልጄን የበላው የእሱ ቢጤ ነው።»

«ይኸኛውን ታዲያ ወዴት ሊወስዱት ነው?»

«እብናት። እዚያ ታሪኩን የሚያውቅ የለም።»

«የእብናት ሰው ልጅ የለውም እንዴ፣ አያ?»

ሽማግሌው አፈሩ። ግን ሐዘን ያደረቀው ሰው በአንድ ቃል አይለሰልስም።

«ምን ላድርግ? ልጄ ዓይናለም ከዐረብ አገር ተመልሳ ዳቦ ቤት ሥራ አገኘች። ማታ ባጃጅ ስለማይገኝ የወንድሜን ሳይክል ይስጡኝ፣ አለዚያ ተመልሼ እሄዳለሁ ትለኛለች። ብሰጣት ይገድላታል፤ ብነፍጋት አገር ጥላ ትሄዳለች። የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት።»

«ሳይክል እኮ በራሱ ሰው አይገድልም።»

«ስሚኝ! ደሳለው ሲወድቅ ቁልፉ ተዘግቶ ነው የተገኘው። ጠፍቶ ሳለ ሰው የሚገድል ሞተር አይተሽ ታውቂያለሽ? ሰይጣን ካልነዳው ማን ነዳው?»

የትዕግሥት ፊት ተለወጠ። «ቁልፉ ተዘግቶ ነበር?»

«እኔው ራሴ ነኝ ያየሁት።»

ትዕግሥት ብስክሌቱ ዘንድ ሄዳ በእጇ እያሳየች ታስረዳቸው ጀመር። «ኃይሉን የሚያጠራቅመው ይህ ባትሪ ነው። ከኋላ ጎማው መሐል ያለው ሞተር ከዚህ እየተቀበለ ጎማውን ያዞራል። መብራቱም ክላክሱም የሚሠሩት በዚሁ ባትሪ ነው፤ ቁልፉ ሲዘጋ ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ሳይክሉ ደግሞ ድምፅ የለውም። ደሳለው በወደቀበት ማታ ከልቅሶ የሚመለሱ ሰዎች መንገዱን ሞልተውት ነበር አሉ።»

«አዎ። መብራት አላየንም፣ ኮቴም አልሰማንም፣ እላያችን ላይ ሲደርስ ነው ያየነው አሉ። እነሱን አድናለሁ ሲል ገደል ገባ።»

«ቢያበራ ኖሮ ገና ከላይ ያዩት ነበር። ክላክስ ቢያሰማ መንገድ ይለቁለት ነበር። ፍሬኑስ ያለ ቁልፍም ይሠራል፤ በጨለማ ግን ምኑን አይቶ በጊዜ ይያዘው? ለመሆኑ ቁልቁለት ላይ ቁልፍ ዝጋ ያለው ማን ነው?»

«ባትሪ ለመቆጠብ ቢሆንስ?» አሉ አያ ይሻው ቀስ ብለው።

«ምንም አይቆጠብም። ቁልቁለት ላይ የፍጥነት እጀታውን ከለቀቁት ሞተሩ አይበላም ማለት ይቻላል። መብራቷም የምትፈልገው ጥቂት ነው።»

በዚህ ጊዜ የእብናቱ አይሱዙ መጣና ጥሩምባውን ነፋ። ሽማግሌው ሂድ ብለው በእጃቸው አሳለፉት።

«እኔ ነኝ ያልሁት» አሉ። «ውኃ እንኳ ያለ ሞተር ይወርዳል፣ ቁልቁለቱን በነፃ ውረደው አልሁት። እሺ ባይ ልጅ ነበር።» ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይኸን ነው። ምናለ ባትነግራቸው የሚል አንባቢ ይኖራል። በሰይጣን ያሳበቡት ሐዘን ለጊዜው ይቀላል፤ የቀረችውን ልጅ ግን አያድንም።

«ጥፋቱ የእኛም ነው» አለች ትዕግሥት እንባዋን እየጠረገች። «ተምረናል የምንል ጎረቤቶች ሆነን አልነገርነውም።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ ልጄ።»

«ዓይናለም አለች እኮ፣ አያ።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ምን ልበላት ታዲያ?»

«ጨለም ሲል፣ ጉምም ሲሆን መብራቱ ይብራ። መታጠፊያ ላይ ክላክስ ታሰማ። ቁልቁለቱን ከመጀመሯ በፊት ፍጥነቷን ትቀንስና ሁለቱንም ፍሬን በልኩ ትያዝ። ሄልሜት ሳታደርግ አትነሣ። ባትሪውም ከምድጃና ከመኝታ ርቆ፣ ሰው እያየው ቻርጅ ይደረግ።»

«ብርድ እንዳይመታው ብዬ በጋቢ ጠቅልዬ እሳት ዳር ነበር የማስቀምጥለት።»

«እግዚኦ! ሲታፈንና ሲሞቅ እኮ በእሳት ይያያዛል። ቤቱም ይሄድ ነበር።»

አያ ይሻው ብስክሌቱን ወደ ቤታቸው አዞሩት። በማግሥቱ ትዕግሥት ፍሬኑንና መብራቱን አስፈትሻ መለሰችው፤ ዓይናለምም ሜዳ ላይ ስትለማመድ ሰነበተች።

ዛሬ ዓይናለም ባጃጅ ስትለምን አታመሽም፤ ቤንዚን ጠፋ ሲባልም አይጨንቃትም። የዐረብ አገሩ ወሬም ቀርቷል። አያ ይሻውም ቁልቁለት ላይ ቁልፍ የሚዘጋ ወጣት ባዩ ቁጥር አስቁመው የደሳለውን ነገር ይነግሩታል፤ በነገሩም ቁጥር ያማቸዋል።

ማታ ማታ ደጃፋቸው ላይ ቆመው አቀበቱን ያያሉ። መብራቷ ከላይ ብቅ ትልና በዝግታ መውረድ ትጀምራለች። ወንድሟ የወደቀባት መታጠፊያ ስትደርስ ትሰወራለች፤ ያኔ ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ክላክሱ ሲሰማ «ተመስገን» ብለው ወደ ውስጥ ይገባሉ። የደጁን አምፖል ግን ዓይናለም እስክትገባ ድረስ አያጠፉትም።