የጫማ ሰፊው ቆዳ

ሰው የሚሸሸውን ነገር ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በመሸሹ ነው። የሰፈሩ ሰው «አባ ሶል» የሚላቸው ሽማግሌ ጫማ ሰፊ፣ የወንድማቸው ልጅ የምትሠራበት መድኃኒት ቤት ከሱቃቸው ፊት ለፊት ሆኖ ሳለ፣ እሱን ትተው ሁለት ሰፈር በእግራቸው አቋርጠው ማንም ወደማያውቃቸው መድኃኒት ቤት ሄዱ። የሹራባቸውን እጅጌ እስከ ጣታቸው ጎትተው ገቡና ባንኮኒው ጋ ቆመው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኅቴ፣ ለሚያሳክክ ነገር የሚሆን ቅባት ይኖራችኋል?»

ጀርባዋን ሰጥታ መደርደሪያ የምታስተካክለው ባለ ነጭ ጋዋን ዞር አለች። ያችው የወንድማቸው ልጅ ናት።

«አጎቴ! ምን እግር ጥሎዎት ነው?»

«አንቺስ? እኛ ሰፈር አልነበርሽም እንዴ?»

«እዚህ የምትሠራዋ ጓደኛዬ ወልዳ እሷን ተክቼ ነው። ገና ሁለተኛ ቀኔ ነው።»

ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይህ ነው። አባ ሶል ልጅቷን የሸሹት ጠልተዋት አልነበረም፤ እንዲያውም ከዘመድ ሁሉ የሚወዷት እሷን ነው። የሸሹት «ያውልቁት» የምትለውን ቃል ነው።

«ቅባቱ ለማን ነው?» አለች።

«ለአንድ ደንበኛዬ።»

«ደንበኛዎን የቱ ጋ ነው የሚያሳክከው?»

«እጁን። እዚህ አንጓው ጋ» አሉና በቀኝ እጃቸው የግራቸውን አንጓ በሹራቡ ላይ አሳዩ። ጣታቸው ግን አንዴ ቦታውን ካገኘ በኋላ በማሳየት አልተመለሰም፤ ይፎክት ጀመር።

«ደንበኛዎ ዕድለኛ ነው» አለች ልጅቷ ሳቋን እየዋጠች። «እሱን ያሳክከዋል፣ እርስዎ ያክኩለታል። እስቲ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ።»

እጅጌው ሲሰበሰብ ጥቁር የጎማ ማሰሪያ ያለው ስማርት ሰዓት ብቅ አለ። ገፋ ስታደርገው ከስሩ ያለው ቆዳ በሰዓቱ ልክ አራት ማዕዘን ሆኖ ቀልቷል፤ ዘለበቱ ባረፈበት በኩል ደግሞ ጥቃቅን ውሃ ቋጥሯል። ደግሞም አንድ ነገር ይሸታል።

«ምን ቀብተውበታል?»

«የቆዳ ቅባት።»

«ጎሽ! ስሙን ያስታውሱታል?»

«ስም የለውም። ያው የሱቄ ነው፣ ቆርቆሮው ውስጥ ያለው። ለተሰነጠቀ ቆዳ ከእሱ የተሻለ አላየሁም።»

ልጅቷ አንጓቸውን ጠጋ ብላ አሸተተች። «ጫማ የሚቀቡበትን?»

«ቆዳ ቆዳ ነው፣ ልጄ።»

ያን ጊዜ ሳቋ አመለጣት። ባንኮኒውን ይዛ እስክትጎብጥ ሳቀች፤ አባ ሶልም መጀመሪያ ኮስተር ብለው፣ ቀጥሎ ጢማቸው ስር ፈገግ ብለው፣ በመጨረሻ አብረዋት ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ በግማሽ የቋንቋችን ነው። የጫማውንም የሰውንም ቆዳ በአንድ ስም ጠርቶ ሲያበቃ ሽማግሌ ተሳሳተ ብሎ መሳቅ ደግ አይደለም።

ወንበር አቀረበችላቸውና አጠገባቸው ተቀመጠች። «አጎቴ፣ የጫማ ቆዳ የሞተ ነው። ቢቀቡት፣ ቢሰፉት፣ በሚስማር ቢመቱት ዝም ይላል። የእርስዎ ግን ሕያው ነው። ያልበዋል፣ አየር ይፈልጋል፣ ሲያስቀይሙት ይቆጣል። አሁን ተቆጥቷል፤ ያስቆጣውም ሰዓቱ ነው።»

«ሰዓቱ ምን አደረገ? ሳሙናው ነው። አክስትሽ ሰሞኑን ሳሙና ቀይራለች።»

«የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አክስቴ ምን በወጣት? ሳሙናው ብቻ ከሆነ ቀኝ እጅዎን ለምን ተወው? ሁለቱንም የሚታጠቡት በአንድ ሳሙና አይደል?»

አባ ሶል ሁለቱን እጃቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ተመለከቱ። ቀኙ በወስፌና በማስቲሽ የሻከረ ቢሆንም ጤነኛ ነው።

«ሳሙናውም ቢሆን ከደሙ ንጹሕ ነው አላልኩም» አለች። «ሲታጠቡ አረፋው ሰዓቱ ስር ይገባና እዚያው ይቀራል። ላብዎ ይጨመርበታል፤ ማሰሪያውን ደግሞ እንደ ጫማ ክር ጠፍረው አስረውታል። ቆዳው ቀኑን ሙሉ እንደራሰ ይውላል። ማን ነው የማይቆጣ? መቼ ነው የሚያወልቁት?»

«ቻርጅ ሲያልቅበት።»

«ያን ጊዜስ ምን ያደርጋሉ?»

«እቀመጣለሁ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልንቀሳቀስም። ሰዓቱ ሳያየኝ አንዲት እርምጃ እንዳታመልጠኝ። ባለፈው አክስትሽ ጨው አቀብለኝ ብትለኝ እምቢ ብዬ ተኳረፍን።»

ልጅቷ መሳቅ ፈልጋ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው። አባ ሶል ቀልድ ላይ አልነበሩም።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ። «አርባ ዓመት ሙሉ የሰውን እግር ሳስኬድ ኖርኩ። የራሴ እግር ግን መንገዱ ከበርጩማው እስከ ቤቴ ነው። ሐኪሙ ‹ደም ግፊትዎ ወደ ክፉ እየሄደ ነው፣ ይራመዱ› ሲለኝ እሺ እላለሁ፣ ወጥቼ እቀመጣለሁ። ወንዱ ልጄ ይህን ሰዓት ሲያስርልኝ ነው የተነሳሁት። ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህርም እንዲህ ያለ ሰዓት አለው፤ በየቀኑ ቁጥራችንን እንለዋወጣለን፣ አንድ ቀን እሱ ያሸንፋል፣ አንድ ቀን እኔ። ሦስት ወር እንዲህ ሄጄ ግፊቴ ወረደ። አሁን ብታስወልቂኝ ተመልሼ በርጩማዬ ላይ ነኝ። ራሴን አውቀዋለሁ። ማሳከክ ሰው አይገድልም፤ እኔን የሚገድለኝ መቀመጡ ነው።»

ይህ የሞኝ ክርክር አልነበረም። መማር ማለት መልስ ማብዛት ብቻ የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ተቻኩሎ ያበላሽ ነበር። ልጅቷ ግን የተናገሩትን በልቧ አመዛዘነች።

«መራመዱን ይተዉ ያለዎት የለም» አለች ቆይታ። «እስቲ እኔ ልጠይቅ፣ እርስዎ ይመልሱልኝ። ልጆች ሳለን አዲስ ጫማ ሲሠሩልን አንድ ነገር ያስምሉን ነበር፤ ምን ነበር?»

«ሁለት ቀን አከታትላችሁ እንዳታደርጉት ነዋ።»

«ለምን?»

«ላቡ ሳይወጣለት ደግመው ካደረጉት ውስጡ ይበሰብሳል። ጫማ አንድ ቀን ውሎ አንድ ቀን ካላረ...» አሉና ቃሉ አፋቸው ላይ ቀረ። ወደ አንጓቸው ተመለከቱ።

«ለሞተው ቆዳ እረፍት ሰጥተው ለሕያው ይከለክላሉ?»

አባ ሶል በራሳቸው መዶሻ ጣታቸውን የተመቱ መሰሉ። ያም ሆኖ እጅ አልሰጡም። «እሺ፣ ቀዩን ላብ ነው እንበል። ዘለበቱ ጋ ውሃ የቋጠረውስ?»

«እሱ ሌላ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ አይቀየሙኝም?»

«ጠይቂ።»

«እምብርትዎ ስር፣ የሱሪዎ ቁልፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አያሳክክዎትም?»

ሽማግሌው ደነገጡ። መጀመሪያ ሱሪያቸውን፣ ቀጥሎ በሩን አዩ። «አክስትሽ ናት የነገረችሽ!»

«ማንም አልነገረኝም።»

«ታዲያ ጠንቋይ ሆነሻል?»

«አልሆንኩም። ኒኬል የሚባል ብረት አለ፤ የሱሪ ቁልፍ፣ ዘለበት፣ ርካሽ የጆሮ ጌጥ ውስጥ ይገባል። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ይህን ብረት አንዴ ከጠላው ዕድሜ ልኩን አይታረቀውም። አለርጂ የሚባለው እሱ ነው። ብረቱ የነካው ቦታ ሁሉ ያሳክካል፣ ውሃ ይቋጥራል። የእርስዎ ዘለበት ላይም ይህ ነው የሚመስለኝ። ለእርግጠኝነቱ የቆዳ ሐኪም ይመረምርዎታል።»

አባ ሶል ዘለበቱን በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያ «አንዲት ደንበኛ ነበረችኝ» አሉ። «የጫማዋ ዘለበት ያረፈበት ቦታ ሁልጊዜ ይቆስልባታል። ሦስት ጊዜ መልሳ አመጣችልኝ። እኔ ደግሞ ‹ቆዳሽ ስስ ሆኖ ነው፣ ጫማዬ ምንም አይወጣለትም› ብዬ ሸኘኋት።» አፈሩ፤ ማፈራቸውንም አልደበቁም። «በሥራዬ አርባ ዓመት ቆይቼ ይህን አላውቅም።»

«አሁን አወቁ። ደንበኛዋም አሁን ድረስ እዚያው ሰፈር ትሆናለች።»

«ማሰሪያውን ራሴ በለስላሳ ቆዳ ብሠራውስ?»

«ቆዳ ላብ ይይዛል፤ የሚለፋበት ኬሚካልም የማይስማማው ሰው አለ። በጥጥ ጨርቅ ይሥሩት፣ ዘለበቱን የፕላስቲክ ያድርጉት። ግን አሁን አይደለም። መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን። ሁለት ሳምንት ያህል እጅዎ ባዶውን ይዋል፤ ይህን ቅባት በልኩ፣ በቀጭኑ ይቀቡ። ያ የቆርቆሮው ለጫማዎቹ ይሁን። ቁስሉ ከሰፋ ወይም ፈሳሽ ካወጣ እዚህ ሳይመጡ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው።»

«ሁለት ሳምንት! ማን ያስነሳኛል?»

«አጎቴ፣ ሰዓቱ ቆጠረልዎት እንጂ አልተራመደልዎትም። የተራመዱት እርስዎ ነዎት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ ወረቀት አይደሉም።»

«ሞኝ አልሽኝ እኮ!»

«ወረቀት አይደሉም ነው ያልኩት።»

አባ ሶል ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሳቁና ዘለበቱን ፈቱ። አየሩ አንጓቸውን ሲነካው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እንዲህ ያለ እፎይታ ካገኙ ሰንብተዋል። ሰዓቱን ባንኮኒው ላይ አኖሩት። «አንቺ ጋ ይቀመጥ። ኪሴ ውስጥ ካለ እጄ አያርፍም።»

እንግዲህ ምክሩ ሠምሮ ሽማግሌው በማግስቱ ማለዳ ተነስተው ገሠገሡ ብንል ደስ ባለን ነበር። አልገሠገሡም። በማግስቱ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ዋሉ። በሦስተኛውም ቀን ተቀመጡ። አንዲት ሶል ለመለጠፍ ጠዋቱን ሙሉ ፈጁ፤ በየመሃሉ ባዶ አንጓቸውን እያዩ «አላልኩም ነበር?» ይላሉ ለራሳቸው። የፈሩት መጣ መሰላቸውና ልባቸው ከበደ።

ረፋዱ ላይ መምህሩ በሱቁ በር ብቅ አሉ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ናቸው። ሁለቱ በእግር ጉዞ ሲፎካከሩ አንዱ ዳገቱን ሲወጣ ሌላው ቁልቁለቱን ይወርዳል፤ ማንም የማንንም ቁጥር እንዳይገምት። ስለዚህም ሦስት ወር ሙሉ ጎን ለጎን ሄደው አያውቁም።

«ወዳጄ፣ ሁለት ቀን ከእርስዎ ቁጥር አልመጣልኝም። ድሉን ሰጡኝ እንዴ?»

አባ ሶል እጃቸውን ዘረጉላቸውና የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ የቆርቆሮውን ቅባት ሳይቀር። መምህሩ አልሳቁም። ወደ ኋላቸው ዞር ብለው መንገዱን አዩና የኮታቸውን እጅጌ ቀስ ብለው ገለጡ። በእሳቸውም ሰዓት ስር ያው ቀይ አራት ማዕዘን ነበር።

«እኔ በትንኝ አሳብቤ ነበር» አሉ።

አባ ሶል ከበርጩማቸው ብድግ አሉ። በሕይወታቸው መምህር አስተምረው አያውቁምና ዕድሉን አላባከኑትም። «መምህር፣ ይቀመጡ! ይህ ነገር አየር ይፈልጋል። ሲታጠቡ ያውልቁት፣ እጅዎንም ሰዓቱንም በደንብ ያድርቁ። ሲተኙ ይውለቅ። ሲያስሩት ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ይተዉለት፣ ዛሬ ግራ ላይ ከሆነ ነገ ቀኝ ላይ። ማሰሪያውን እኔ በጨርቅ እሠራልዎታለሁ። እንዲህ ያደረገ ሰው ሰዓቱንም ቆዳውንም ይዞ ይኖራል፤ በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት አይገኝለትም! አሁን ግን እስኪድን ይፍቱት።»

«ፈትቼ ምን ላድርግ? ሳይቆጠርልኝ መሄድ አልወድም።»

አባ ሶልም ሁለት ቀን ሙሉ ራሳቸውን የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ከዚያም ምን እንደሚያደርጉ ሳያስቡት ሽርጣቸውን ፈትተው ሚስማር ላይ ሰቀሉ። «አብረን እንሂዳ» አሉ። መምህሩም ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ።

ሄዱ። ዳገቱን ሲወጡ መምህሩ ስለ ድሮ ተማሪዎቻቸው፣ ቁልቁለቱን ሲወርዱ አባ ሶል ሰውን በጫማው አበላል እንዴት እንደሚለዩት አወሩ። አንዱ ሲደክመው ሌላው ጨዋታ ይጀምርለታል። ገበያውን አለፉ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያውን አለፉ፣ ድልድዩንም ተሻገሩ። ድልድዩ ማዶ የድንጋይ አጥር ላይ አረፍ ሲሉ መምህሩ በልማድ እጃቸውን ገልበጥ አድርገው ባዶ አንጓቸውን አዩ።

«ስንት ሆነን ይሆን?»

«ስንት ሆነን ሳይሆን በምን እንመለሳለን ይበሉ!» አሉ አባ ሶል። ሁለቱም የመጡበትን መንገድ አይተው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ የተመለሱትም በአውቶቡስ ነው።

በሁለት ሳምንቱ የአባ ሶል ግራ አንጓ ከቀኙ የማይለይ ሆነ። ሰዓቱ በጨርቅ ማሰሪያ ተመለሰ፤ አሁን በቀን የተወሰነ ሰዓት ይታሰራል፣ ሌላውን ጊዜ መደርደሪያ ላይ ያርፋል፤ ጉዞው ግን በየቀኑ ከመምህሩ ጋር ነው። ያቺን የዘለበት ደንበኛም ፈልገው አግኝተው፣ ይቅርታ ጠይቀው፣ ብረት የሌለበት ጫማ ሠሩላት። ሱሪያቸውም ቁልፉ ተቀይሯል። አዲስ ነገር መልካም ነው፤ ግን ዕቃው ለሰው እንጂ ሰው ለዕቃው አልተፈጠረም። ሰውነት «አመመኝ» ሲል የሰማ ሰው ዕቃውንም ጤናውንም አያጣም።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ግፊታቸውን ለካ። ደግሞ ለካ። መልካም መሆኑን ሲያይ ብዕሩን አንስቶ «በቀን ስንት እርምጃ ይሄዳሉ?» አላቸው።

አባ ሶል ትንሽ አሰቡ።

«እንደ ጨዋታው ነው» አሉት።