አፍንጫቸውን ያዋሱኝ ሴትዮ

ለእናቴም ያልነገርኳት ነገር አለ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሽታ አይሸተኝም። የኬሚስትሪ መምህር ሆኜ ይህን መናገር አሳፈረኝና፣ ሰው «ይሸታል» ሲል እኔም «አዎ፣ ይሸታል» እያልኩ ኖርኩ።

ከዚራ ሰፈር ባለ አንድ ሙዚየም ስለ ናኖ ሳይንስ ለሕዝብ ስናሳይ፣ የፊኛው ጠረጴዛ ለእኔ ደረሰኝ። ባልደረባዬ በየፊኛው ውስጥ የቅመም ዘይት ጠብ አድርጎ፣ ስሙን ሳይጽፍበት አስሯል። ጎብኚው ከውጭ አሽትቶ የቅመሙን ስም ይናገራል፤ እኔ ደግሞ ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ቅንጣቶች በላስቲኩ ሾልከው እንደሚወጡ አስረዳለሁ።

አንዲት አሮጊት የቅመም ነጋዴ አሸተቱና «ቀረፋ!» አሉ።

«ልክ ነዎት፣ እማማ።»

«ኧረ አቦ! ቅርንፉድ ነው እንጂ! ሰው ያለውን ሁሉ ‹ልክ ነው› ስትዪ ብሰማ ልፈትንሽ ብዬ ነው።» ስቀው ሳይጨርሱ ፊቴን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ አይሸትሽም እንዴ?»

«አይሸተኝም» አልኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ለማንም አልተናገሩም። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «በይ አንቺ ስለ ደቃቆቹ ንገሪያቸው፤ ማሽተቱን ለኔ ተይው» ብለው ሙዚየሙ እስኪዘጋ አብረውኝ ዋሉ።

እግዜር ይስጣቸው። አሁን ወተት ከማፍላቴ በፊት ጎረቤቴን ጠርቼ «እስቲ አሽትችልኝ፤ እኔ አይሸተኝም» እላታለሁ።