የልክ ደብተሯና ነፃው ማሽን

ዝናብ ባያባርራት ኖሮ የጎረቤቷ ልጅ በዚያን ቀን ልብስ ሰፊዋ ቤት አትገባም ነበር። መቼም እግዚአብሔር ሰው ሊያገናኝ ሲፈልግ ምክንያት አያጣም። ልጅቷ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራ፣ የተማረች ናት። ልብስ ሰፊዋን ደግሞ ሰፈሩ «እትዬ ልኬ» ይላታል፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ልክ ስትወስድ ነው የኖረችው።

«እትዬ፣ ከመጣሁ አይቀር የእናቴን ልክ ይስጡኝ። ቀሚስ ገዝቼ ላስደንቃት ነው» አለች ልጅቷ፣ ጸጉሯን እያራገፈች።

እትዬ ልኬ ክንዷን ልክ በምትጽፍበት ጥቁር ደብተሯ ላይ ጣል አደረገች። «አይሆንም!»

«እናቴ እኮ ናት!»

«ብትሆንስ? የሰው ወገብ የሰው ምስጢር ነው። ስንቷ ባሏ እንኳ የማያውቀውን እዚህ አስመዝግባለች መሰለሽ! እናትሽ ራሷ ትምጣ። ይልቅ ነይ፣ የእግዜርን ሥራ ላሳይሽ።»

ስልኳን ከጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል አወጣች። ፊቷ በርቷል።

«ይሄ ማሽን ክር እየበጠሰ ሲያስለቅሰኝ፣ ‹ጌታዬ፣ አንድ ማሽን› እያልኩ ስለምን ከረምኩ። ዛሬ ጠዋት በስሜ ጠርቶ፣ ‹ማሽንሽ እንዳስቸገረሽ እናውቃለን፤ አዲስ ማሽን በነፃ ደርሶሻል› የሚል መልእክት መጣልኝ! ማን ነገረው? እስቲ ንገሪኝ፣ ማን ነገረው?»

«ምን ጠየቀዎት?»

«ምንም! ስሜን፣ የተወለድኩበትን ቀን፣ የእናቴን ስም፣ የመታወቂያዬን ፎቶ። አሁን ደግሞ በመልእክት የመጣልኝን ስድስት ቁጥር ልጽፍለት ነው። ሰዓት እየቆጠረብኝ ነው፤ አራት ደቂቃ ቀርቶኛል።»

«በሞቴ፣ እትዬ፣ አይጻፉ!»

«አንቺ ልጅ፣ ደጄ ድረስ የመጣ በረከት ልመልስ? ብሰጠው ምን ይጎድልብኛል? ስሜን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

«ማሽንዎ እንዳስቸገረዎትስ ማን ያውቃል?»

«እኔና ፈጣሪ።»

«ባለፈው ሳምንት ኢንተርኔት ላይ የቀሚስ ፎቶ ሲለጥፉ ከሥሩ ምን ብለው ጻፉ?»

እትዬ ልኬ የለጠፈችውን ፎቶ ስልኳ ላይ ፈልጋ አገኘች። «ይሄ አሮጌ ማሽን ገደለኝ» ብላ ነበር የጻፈችው፤ ያውም ከነስሟ።

«እሱን አንብቦ ነው። ቁጥሩንስ ከነጽሑፉ አነበቡት?»

መነጽሯን አጠለቀች። «ይህን ቁጥር ለማንም አይስጡ» ስትል ጮክ ብላ አነበበች፤ መጨረሻው ላይ ድምጿ ቀጠነ።

«ይሄን ከሰጡት ከአካውንትዎ እርስዎን አስወጥቶ እሱ ይገባል። ከዚያ ለደንበኞችዎ ሁሉ እርስዎን መስሎ ይጽፋል።»

«እኔን መስሎ? አይቶኝ የማያውቅ ሰው? እንዴት ተደርጎ!»

ልጅቷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሙሽራ ፎቶ አየች። «ይቺንስ የት አዩዋት?»

«የት አይቻት! ባሕር ማዶ ነው ያለችው። ልኳን በስልክ ነገረችኝ፣ ዘጠኝ ቁጥር። ሰፍቼ ብልክላት ልክክ…»

ቃሉን አልጨረሰችውም። ሙሽራዋን አየች፣ ስልኳን አየች፣ እንደገና ሙሽራዋን።

«በዘጠኝ ቁጥር» አለች ቀስ ብላ። «ሳላያት። እንግዲያው እሱም እኔን እየሰፋኝ ነው በይኛ!»

«የቀረው ይሄ ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። እትዬ፣ እኔን ከሕፃንነቴ ያውቁኛል፤ የእናቴን ወገብ ግን ከለከሉኝ። እሱን አያውቁትም፤ የራስዎን እናት ስም ሰጡት።»

እትዬ ልኬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ስልኩ ላይ ሰዓቱ ቆጠረ፣ ቆጠረ፣ ዜሮ ገባ። ምንም አልሆነም። ከዚያ እንደገና ከአስር ደቂቃ ጀመረ።

«አየሽው ውሸታሙን!» ብላ ገጹን ዘጋችው። «የሰጠሁትስ?»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አይለቀምም። በሩን ግን እንቆልፋለን።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው የአካውንቷን የይለፍ ቃል ቀየሩ፣ ሁለተኛ መቆለፊያ ጨመሩበት። የመታወቂያዋ ፎቶ በሰው እጅ መግባቱን ነገ ጠዋት ለሰጣት መሥሪያ ቤት ልታመለክት ተስማሙ። ለደንበኞቿም «በእኔ ስም ያልተለመደ ነገር ቢጻፍላችሁ ድምፄን ሳትሰሙ አትመኑ» ብላ ላከች። ወዲያው አንዷ ደወለችላት፤ እሷም በዚያው ጠዋት ያንኑ ማሽን «አሸንፋ» ኖሯል፤ ቁጥሩን ልትጽፍ ስትል ነው የእትዬ ልኬ መልእክት የደረሰላት። እንግዲህ አንድ ሰው ሲጠነቀቅ ጎረቤቱም ይተርፋል ማለት ይሄ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ አጣድፎ የሚሰጥን ሰው፣ ቆም ብሎ «ምን ልትወስድ ነው?» ማለት ነውር የለውም።

ዝናቡ አባራ። ልጅቷ ከበሩ ስትደርስ አዘነችላት። «እርስዎ ደግሞ ጸሎቴ ተሰማ ብለው…»

«ተሰምቷል እንጂ!» አለች እትዬ ልኬ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ማሽን ስለምነው ዝናብ ላከልኝ፤ ዝናቡ አንቺን አመጣልኝ። ሥራው አይመረመርም!»

«እንዲያ ከሆነ የእናቴን ልክ ይሰጡኛላ?»

እትዬ ልኬ ደብተሩን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ቆለፈችበት።

«አሁንማ ጭራሽ!»