ከዋርሳ የተደበቀ ብልቃጥ

(ጠዋት ነው፤ በጤና ጣቢያው የእርጉዞች ክትትል ክፍል አዋላጇ ሲስተር ሙሉወርቅ የላብራቶሪ ወረቀት ይዛ ቆማለች፤ የሰባት ወር እርጉዟ ስንዱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።)

ሙሉወርቅ፦ ይሄ ሽንት ያንቺ አይደለም፣ ስንዱ።

ስንዱ፦ ኧረ ሲስተር! የማን ሊሆን ነው ታዲያ?

ሙሉወርቅ፦ እሱን ንገሪኝ እያልኩሽ ነው። ትኩሳትሽ ሠላሳ ስምንት ተኩል ገብቷል። ጎንሽን ነካ ባደርግሽ ከአልጋው ልትዘዪ ነበር። ወረቀቱ ደግሞ ምንም የለባትም ይላል።

ስንዱ፦ እሰይ! ምንም ከሌለብኝ ልሂዳ። ምች ነው፣ ዳማከሴ እጠጣበታለሁ።

ሙሉወርቅ፦ ቁጭ በይ! ሽንት ስትሸኚ ያቃጥልሻል?

ስንዱ፦ ትንሽ።

ሙሉወርቅ፦ ትንሽ ስንት ነው?

ስንዱ፦ በርበሬ ነው በቃ! ይኸው፣ ደስ አለዎት?

ሙሉወርቅ፦ በጣም። አሁን ደግሞ የብልቃጡን ባለቤት።

ስንዱ፦ ከኋላዬ የተሰለፈችው ሴትዮ ናት። ለምኛት የእኔንም ሞላችልኝ። ደግ ሰው ናት፣ እንዳይቆጧት።

ሙሉወርቅ፦ ምነው፣ ያንቺ አልቆ ነው?

ስንዱ፦ ላብራቶሪ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አያውቁም? አለማየሁ እኮ ዋርሳዬ ነው፣ የባሌ ታናሽ ወንድም! ሽንቴን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ውሎ ማታ ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ሊበላ? እኔ እሱ ፊት ጮክ ብዬ እንኳ አልስቅም።

ሙሉወርቅ፦ ለእሱ ሥራው ነው። እንኳን ያንቺን የጤና ጣቢያችንን አስተዳዳሪ ሽንትም አይቷል።

ስንዱ፦ አስተዳዳሪው ወጥ አይሠሩለትማ!

ሙሉወርቅ፦ ሳቄን አታምጪብኝ። ስሚኝ፤ ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊትሽ ወጥቷል ብዬ እፈራለሁ። እዚያ ሲደርስ ሰውነት ይቆጣል፣ ብግነት ይነሳል። እሱ ደግሞ ማህፀንን ቀስቅሶ ምጥ ያለጊዜው ሊያመጣ ይችላል።

ስንዱ፦ ቢመጣስ? የሰባት ወር ልጅ ያድጋል ይሉ የለ?

ሙሉወርቅ፦ የሚያድግ አለ። ሳንባው ሳይጠና ወጥቶ ለመተንፈስ የሚታገልም አለ፤ ሕመሙን ይዞ የሚወለድም አለ። ያንቺ የትኛው እንደሚሆን እኔ አላውቅም። ሆድሽ ጠንከር ብሎ መልሶ ይለቅሻል?

ስንዱ፦ እሱማ ከትናንት ጀምሮ... ልጁ የሚንጠራራ መስሎኝ። ጎበዝ ነው እያልኩ አባቱን እያስዳበስኩት ነበር እኮ።

ሙሉወርቅ፦ በየስንት ደቂቃው?

ስንዱ፦ አልያዝኩትም። ሲስተር፣ ፈራሁ።

ሙሉወርቅ፦ መምጣትሽ ጥሩ ነው። መድኃኒቱን አሁኑኑ እጀምርልሻለሁ፣ አምቡላንስም እጠራለሁ፤ ሆስፒታል ትተኛለሽ። መጀመሪያ ግን የራስሽን ሽንት ስጪኝ። ካፈርሽ በስምሽ ፈንታ ቁጥር እጽፍበታለሁ፤ አለማየሁ የማን እንደሆነ አያውቅም።

ስንዱ፦ በቁጥር ከሆነ ቶሎ ያየዋል?

ሙሉወርቅ፦ አስቸኳይ ብዬ እልከዋለሁ። ዛሬ ግን አስቸኳይ ያልተባለ ብልቃጥ የለም፤ ጠረጴዛው ሞልቷል።

ስንዱ፦ ይስጡኝ ብልቃጡን። ስሜን በትልቁ ይጻፉበት፤ ከሥሩም «የወንድምህ ልጅ ነው» ብለው ይጨምሩልኝ።